የቅንጣት ዘር አደራ

አንድን የምግብ ዘር ክቡር የሚያሰኘው ምንድን ነው? በውስጡ ያለው ኀይል ነውን? የሚሸጥበት ዋጋ ነውን? ወይስ ለዘመናት እየዘራ፣ እያረመና እያጨደ ጠብቆ ያቆየው እጅ? ጥያቄው ለሊቃውንት ጉባኤ ብቻ የሚገባ ይመስላል፤ ነገር ግን ቅርጫት ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ በየሳምንቱ በገንዘቡ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። ስለዚህም ዛሬ ከውድ አንባብያን ጋር የምንመረምረው ነገር ከጣት ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለማየት ከምታስቸግር ቅንጣት ይነሣል።

ብዙዎቻችን የምናውቀው የፍራንክፈርቱ ኖርድቬስትሽታት በ1960ዎቹ ዓመታት በእርሻ መሬት ላይ የተሠራ ሰፈር ነው፤ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የገበያ ማእከሉና ከመሐል ከተማ ጋር የሚያገናኘው የምድር ውስጥ ባቡር በ1968 ተከፈቱ። ዛሬ በዚያ አካባቢ ወደሚገኙ መደብሮች ገብቶ መደርደሪያውን የሚያስተውል ሰው ሦስት ጥቃቅን ዘሮችን በሦስት የክብር ደረጃ ተቀምጠው ሊያገኛቸው ይችላል። ከዐይን ትይዩ፣ ባማረ ከረጢት፣ «ሱፐርፉድ» ማለትም ከምግብ ሁሉ የበለጠ ምግብ የሚል ማዕርግ የተሰጠው ቺያ አለ። ከእርሱ ዝቅ ብሎ፣ ባልተዋበ ከረጢትና ባነሰ ዋጋ፣ ጀርመኖች ላይንዛመን የሚሉት ተልባ ተቀምጧል። ሦስተኛው ከሰው ምግብ መካከል የለም፤ የእንስሳት መኖ ወደሚሸጥበት ወገን ተሻግረው የወፍ ጥሬ በያዘው ከረጢት ውስጥ ቢፈልጉት ጥቁሩ ኑግ ይገኛል። እናቶቻችን ቆልተውና ወቅጠው በጾም ቀን ያቀረቡልን፣ ዘይቱም የወጣችን ማጣፈጫ የሆነው ኑግ፣ በዚህ አገር ገበያ የሚታወቀው በወፍ ጥሬነቱ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቺያ የሚታወቀውን እንናገር። ቺያ በየዓመቱ ተዘርቶ የሚታጨድ፣ ቁመቱ አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚደርስ፣ ሰማያዊ ወይም ነጭ አበባ የሚያወጣ ተክል ነው። በዝምድናው እኛ ከምናውቃቸው ከበሶብላ፣ ከጦስኝና ከዳማ ከሴ ወገን ይቆጠራል። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና ጓቲማላ ነው። ተክሉ በባሕርዩ የሚያብበው ቀኑ ሲያጥር ስለሆነ፣ ነባሩ ዘር በጀርመን ማሳ ቢዘራ ፍሬው ሳይበስል ውርጭ ይደርስበታል። ዘሩ ውሃ ሲነካው ከክብደቱ ዐሥር እጥፍ ያህል ውሃ ስቦ እንደ ሙጫ ይለጠልጣል፤ ተልባ በጥብጦ የጠጣ ሁሉ ይህን ጠባይ አይቶ አያደንቅም፤ ያውቀዋልና።

አዝቴኮች ቺያን ከበቆሎና ከቦሎቄ ጋር ከዋና ምግቦቻቸው አንዱ አድርገውት ነበር። በ1540ዎቹ ገደማ የተዘጋጀውና ዛሬ በኦክስፎርድ የሚገኘው ኮዴክስ ሜንዶዛ የተባለው የሥዕል መጽሐፍ፣ ገባር አውራጃዎች ለንጉሠ ነገሥቱ ከሚያገቡት ግብር መካከል ቺያን ይቆጥራል። በ1521 ዋና ከተማቸው ቴኖችቲትላን በእስፓኞች እጅ ከወደቀች በኋላ የቺያ እርሻ እየተመናመነ ሄደ። ቢሆንም የሜክሲኮ ገበሬዎች ዘሩን ፈጽመው አልጣሉትም፤ በውሃና በሎሚ በጥብጠው መጠጣታቸውም እስከ ዛሬ ቀጥሏል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአርጀንቲና ለገበያ ይመረት ዘንድ ምርምር ተደረገበት፤ ከዚያ ወዲህ ዝናው ዓለምን ዞረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት የስም ነገሮች ትኩረት ይገባቸዋል። ስዊድናዊው የዕፀዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1753 ለዚህ ተክል ስም ሲያወጣለት ሳልቪያ ሂስፓኒካ አለው፤ ሂስፓኒካ ማለት «የእስፓኝ» ማለት ነው። እንግዲህ ዘሩን ያለሙት ሰዎች ሳይሆኑ የወረራቸው አገር ስም በተክሉ ላይ ተጻፈ። ሁለተኛው በእኛ ዘመን የሆነ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከግንቦት 15 ቀን 1997 በፊት በኅብረቱ አገሮች በሰፊው ያልተበላ ምግብ «አዲስ ምግብ» ይባላል፤ ለገበያ ለመቅረብም ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2009 ቺያ በዳቦ ውስጥ እስከ አምስት በመቶ እንዲገባ ሲፈቅድ የፈቀደው በዚህ ስም ነው። ሕጉ የሸማቹን ጤና ለመጠበቅ የወጣ ነውና አይነቀፍም። ይሁን እንጂ አዝቴኮች ከመነሣታቸው በፊት ጀምሮ ሲበላ የኖረ ዘር አዲስ መባሉ፣ የአንድ ነገር ዕድሜ የሚቆጠረው ኀያሉ ካወቀበት ቀን ጀምሮ እንደ ሆነ ያሳያል። አንድ ጊዜ የሌላ አገር፣ አንድ ጊዜም ያለ ታሪክ የተገኘ ሆነ፤ በሁለቱም ጊዜ የጠባቂዎቹ ስም ወደቀ።

አሁን ወደ ተልባ እንመለስና በሚዛን እናስቀምጣቸው። መቶ ግራም ቺያ ኦሜጋ ሦስት ከሚባለው ቅባት ወደ 18 ግራም ገደማ ይዟል፤ መቶ ግራም ተልባ ደግሞ ወደ 23 ግራም። በአሰር ቺያ ይበልጣል፤ 34 ግራም ለ27 ገደማ። በካልስየምም ቺያ ብልጫ አለው። በፕሮቲን ሁለቱ አቻ ለአቻ ናቸው ማለት ይቻላል። ይልቁንም ቺያ የሚመሰገንበት ያ ቅባት በሊቃውንት ቋንቋ አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ሲባል፣ ሊኖሌኒክ የሚለው ቃል ሥሩ ሊኑም፣ ማለትም ተልባ ነው። ቺያ የሚወደስበት ነገር ራሱ በተልባ ስም ይጠራል ማለት ነው። ስለዚህ በመደርደሪያው ላይ አንዱን ጌታ ሌላውን ሎሌ ያደረገው በውስጣቸው ያለው ኀይል አይደለም።

በአገራችን ደጋ፣ በአርሲና በባሌ፣ በሸዋ፣ በጎጃምና በወሎ፣ ሰማያዊ አበባው ማሳውን ሐይቅ የሚያስመስለው ተልባ በእኛም ዘንድ ቢሆን የከበሬታ ወንበር አልተሰጠውም። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» የሚለው አባባላችን የደካሞችን ጩኸት ለማቃለል የሚነገር ነው። ነገር ግን አባባሉ ሳያስበው አንድ ዕውቀት ይዟል፤ ያልተወቀጠ ተልባ ሽፋኑ ስለሚጠነክር አብዛኛው ሳይፈጭ ከሰውነት ይወጣል። የተልባ ጥቅም የሚገኘው በሙቀጫው ነው። መቁላት፣ መውቀጥ፣ መንፋት፣ ከዚያም በልክ መበጥበጥ፤ ይህን ሥርዐት ያወጣው የምግብ ኬሚስትሪ የተማረ ሰው አይደለም፤ ስማቸው በየትም ያልተጻፈ ሴቶች ናቸው።

በስደት አገር ለምንኖር ሰዎች የዚህ ነገር መዘዝ ከምግብ ያልፋል። እናቱ በምታዘጋጀው የተልባ ፍትፍት በጓደኞቹ ፊት የሚያፍር ልጅ፣ ጓደኞቹ ቺያን በብርጭቆ ይዘው ሲያይ ያው የሚለጠልጠው ነገር የክብር ምግብ ሆኖ ይታየዋል። ያን ጊዜ ወላጆች «የእኛም ተልባ እኮ ሱፐርፉድ ነው!» ለማለት ይቸኩላሉ። ነገሩ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ግን ክርክሩ ደካማ ነው። ተልባ የሚከበረው ቺያን ስለሚመስል ከሆነ፣ ክብሩ የተበደረው ክብር ነው፤ የቺያ ዘመን ሲያልፍ የተልባም ክብር አብሮ ያልፋል። በገበያ ፋሽን የመጣ ማዕርግ በገበያ ፋሽን ይሻራል። ለልጁ ልንሰጠው የሚገባ ከዚህ የጸና ምክንያት መኖር አለበት። ያን ለማግኘት ዘር የማን ነው ወደሚለው ጥያቄ መዝለቅ ግድ ይሆናል።

በዚህ ነገር ሁለት አሳቦች ሲነገሩ እንሰማለን። የመጀመሪያው «ዘር ባለቤት የለውም፤ እንደ ዝናምና እንደ ነፋስ ለሁሉ የተሰጠ ነውና የሚያመሰግኑት ሰው አይፈለግም» ይላል። አሳቡ ለጋስ ይመስላል፤ እውነትነቱ ግን ግማሽ ነው። የዱር ተልባ ፍሬው ሲደርስ ማቀፊያው ይከፈትና ዘሩን በምድር ላይ ይበትናል። የእርሻ ተልባ ግን አይከፈትም፤ አጫጁን ይጠብቃል። ይህ ጠባይ የመጣው ሰዎች በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ያልረገፈውን እየመረጡ በመዝራታቸው ነው። በቺያም እንዲሁ ሆኗል። እንግዲህ የእርሻ ዘር ከተፈጥሮ ስጦታ ጋር የሰው ትዕግሥት የተዋሐደበት ነገር ነው፤ የሰውን ድርሻ ፍቆ ስጦታውን ብቻ መቁጠር የባለውለታን ዐይን መሸሽ ይሆናል።

ሁለተኛው አሳብ ደግሞ «ያወቀበትና ያስመዘገበው ባለቤት ነው» ይላል። ይህ አሳብ ወዴት እንደሚያደርስ የጤፍ ታሪክ አስተምሮናል። በ2005 የኢትዮጵያ የብዝኀ ሕይወትና የግብርና ምርምር ተቋማት ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ስምምነት ተፈራረሙ፤ የአሳቡ መሠረት ዘሩን ተጠቅሞ ከሚገኘው ጥቅም ለአገሪቱ እንዲካፈል ነበር። በ2007 ኩባንያው ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። በ2009 ኩባንያው ከሰረ፤ ኢትዮጵያም ከስምምነቱ ይህ ነው የሚባል ጥቅም ሳታገኝ ቀረች፤ የባለቤትነት መብቱ ግን ወደ ሌላ እጅ ተላልፎ ቆየ። በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት የኔዘርላንድሱን መብት ፈጠራ ሊባል የሚበቃ ነገር የለበትም ሲል ሻረው። በፍርድ ቤቱ የተከራከሩት ሁለት የንግድ ድርጅቶች ነበሩ እንጂ ኢትዮጵያ ራሷ አልነበረችም። ጤፍን ለዘመናት ጠብቆ ያኖረ ገበሬና እንጀራን የፈለሰፈች እናት በዚያ መዝገብ ላይ ወገን ሆነው አልቀረቡም።

እንግዲህ ዘር ባለቤት የሌለው ነገርም፣ የአንድ ሰው ንብረትም ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ቋንቋችን ለዚህ የቆየ ቃል አለው፤ እርሱም አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው «የእኔ ነው» አይልም፤ «ባለቤት የለውም»ም አይልም። ከእገሌ ተቀበልሁ፣ ለእገሌ አስረክባለሁ ይላል እንጂ። ፍትሐ ነገሥቱም፣ የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግም ለአደራ የራሱን ስፍራ ሰጥተውታል፤ በሕዝባችንም አንደበት «አደራ በላ» ከመባል የከፋ ስድብ ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ የዘር አደራ ከሌላው አደራ ይለያል። በአደራ የተቀመጠ ገንዘብ ሳይነካ ቢቆይ ይጠበቃል፤ መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ እንኳ መክሊቱን አላጠፋም። ዘር ግን ሳይዘራ ቢቀመጥ ይሞታል። የተሻለ ብርድ ቤት ዕድሜውን ያረዝምለታል እንጂ ከሞት አያድነውም፤ በየጊዜው ወደ መሬት መመለስ አለበት። ስለዚህ የዘር ጠባቂ የሚሆነው የሚሰስት ሳይሆን የሚዘራና የሚያካፍል ነው። በዚሁም ጊዜ ሁሉን በልቶ የማይጨርስ መሆን አለበት። በክፉ ዘመን ልጆቹ እየራባቸው የዘር እህሉን ያልነካ ገበሬ ምን ያህል ከባድ አደራ እንደ ተሸከመ ከዚህ ይታያል።

ይህ ፈተና የደረሰባቸው ገበሬዎች ብቻ አይደሉም። ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ራስ ተፈሪን አነጋግሮ፣ በየገጠሩ እየዞረ የስንዴ፣ የገብስ፣ የተልባና የሌሎችንም እህሎች ዘር ሰበሰበ፤ አገራችንንም ከዓለም የሰብል መገኛ ማእከሎች አንዷ አድርጎ ቈጠራት። እርሱ ራሱ በስታሊን ዘመን ታስሮ በ1943 በሳራቶቭ ወኅኒ ቤት በረኀብ ደክሞ ሞተ። እርሱ በታሰረበት ዘመን፣ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ስትራብ፣ በዘር ክምችቱ ውስጥ ይሠሩ ከነበሩት ባልደረቦቹ አንዳንዶቹ በሩዝና በኦቾሎኒ ከረጢት መካከል ተቀምጠው በረኀብ ሞቱ፤ የሚበላውን አልበሉትም። «ዘር የእኔ ነው» የሚል ሰው ይህን አያደርግም፤ የራሱን ይበላልና። «ባለቤት የለውም» የሚልም አያደርገውም፤ ለማንም ላልሆነ ነገር የሚሞት የለምና። ይህን የሚያደርገው አደራ ያለበት ሰው ብቻ ነው።

የባዕድ እጅ ሁሉ ወሳጅ ነው ብሎ መደምደምም ከእውነት ያርቃል። ከኖርድቬስትሽታት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ምዕራብ ኤሽቦርን የምትባል ከተማ አለች። በዚያ ይገኝ የነበረው ጂ.ቲ.ዜድ የተባለው የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት (ከ2011 ወዲህ ጂ.አይ.ዜድ ተብሏል) በ1976 በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ የዕፀዋት ዘር ማእከል በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ሲቋቋም ረዳት ሆኗል። ማእከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የገበሬውን ዘር ከገበሬው ጋር ሆኖ በማሳው ላይ መጠበቅ እንደሚቻል ስላሳዩ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጣቸው። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርም በየጉባኤው ለድኻ አገሮች ገበሬዎች መብት በመሟገታቸው በ2000 ያንኑ ሽልማት አገኙ። በ2004 በሥራ ላይ የዋለው ስለ ምግብና እርሻ ዕፀዋት የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ገበሬዎች ለዘር ጥበቃ ያደረጉትን አስተዋጽኦ በግልጽ ተቀብሏል፤ ኢትዮጵያም በ2006 በአዋጅ ቍጥር 482 የማኅበረሰቦችን ዕውቀትና መብት በሕግ አጸናች። በአንድ ከተማ ዙሪያ ዘርን የሚያስጠብቅ እጅም፣ የዘርን ስም የሚያጠፋ ገበያም አብረው ይኖራሉ። ልዩነቱ በአገር አይደለም፤ የተቀበሉትን «ተቀበልሁ» በማለትና ባለማለት ነው።

ሚዛኑ ደግሞ በራሳችንም ማዕድ ላይ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ ፍትሕ አይባልም። የእንጀራችን ባልንጀራ፣ የቀይ ወጣችን ነፍስ የሆነው በርበሬ ከየት መጣ? ከዚያው ከቺያ አገር፣ ከሜክሲኮ ምድር ነው። በቆሎውና ቦሎቄውም ከዚያው ከአሜሪካ አህጉር ነው። ተልባም ራሱ በመጀመሪያ የለማው በመካከለኛው ምሥራቅ ሲሆን ወደ እኛ የመጣው በጥንት ዘመን ነው። በአንጻሩ ቡና፣ ጤፍ፣ እንሰትና ኑግ ከእኛ ምድር የወጡ ናቸው፤ ኑግ ከጥንት ጀምሮ በህንድ ይዘራል፣ ቡናን የማይጠጣ አገርም የለም። እንግዲህ ለዓለም የሰጠ ሁሉ ከዓለም የተቀበለም ነው። የሜክሲኮ ገበሬ ከበርበሬው የድርሻዬን አምጡ ብሎ ደጃችንን አንኳኩቶ አያውቅም፤ ስለዚህም ውለታው አይቀርም። ማንም ሕዝብ የራሱን ስጦታ እየቈጠረ የተቀበለውን ቢረሳ፣ አደራ የሚለውን ቃል ሊጠራው አይችልም።

አሁን ለመነሻው ጥያቄ መልስ መስጠት ይቻላል። ዘርን ክቡር የሚያሰኘው ኀይሉ ብቻ ቢሆን ተልባና ቺያ በአንድ መደርደሪያ በተቀመጡ ነበር። ዋጋው ቢሆን ያው ኑግ በአንድ አገር የጾም ምግብ፣ በሌላው የወፍ ጥሬ ባልሆነ ነበር። ክብሩ ያለው ከእጅ ወደ እጅ ሳይቋረጥ በመተላለፉ ነው፤ በዚያ ሰንሰለት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ለፊተኛው ባለ ዕዳ፣ ለኋለኛው ባለ አደራ ነው። ለዚያ ለሚያፍረው ልጅም የሚነገረው ይህ ነው፤ «ተልባ ይከበር የምንለው የዚህ አገር ሰው ስላደነቀው አይደለም፤ አያትህ ከአያቷ ተቀብላ፣ ሳትበላሽ ለእናትህ ያስረከበችው ስለሆነ ነው። ቺያንም አታቃልለው፤ የሌላ ልጅ አያት ጠብቃ ያቆየችው ነውና።»

ማሳ ለሌለን ስደተኞች የዚህ አደራ ድርሻ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ስም ነው። ተልባን ተልባ፣ ኑግን ኑግ፣ ጤፍን ጤፍ ብለን ለልጆቻችን እናስተምር፤ ቺያ ስንበላም የሜክሲኮን ገበሬ እናስታውስ። ሁለተኛው ዕውቀት ነው። ዘሩ በአዲስ አበባ ብርድ ቤት ቢጠበቅ እንኳ፣ እሳቱ ምን ያህል እንደሚሆን፣ መቼ ከምጣዱ እንደሚወርድ፣ ስንት ጊዜ እንደሚነፋ የሚያውቁት እጆች እያረጁ ነው፤ ይህ ዕውቀት ብርድ ቤት የለውም። ልጆቻችን ከእናቶቻቸው ጎን ቆመው ይቁሉ፣ ይውቀጡ፤ የሚጽፉም ይጻፉት። ሦስተኛው ምላሽ ነው። ወደ አገር ቤት ስንሄድም ሆነ ገንዘብ ስንልክ፣ ስንነግድም ሆነ ስንሸምት፣ ዘሩን ለሚጠብቀው ገበሬ የድርሻው መድረሱን እንጠይቅ፤ ጠይቀን መልስ ካላገኘን ደግመን እንጠይቅ።

ከሦስቱ ማንም ሰው ዛሬ ሊጀምረው የሚችለው ሁለተኛውን ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገው አንድ ኪሎ ተልባ፣ አንድ ምጣድና አንዲት የምታውቅ እናት ነች። ተልባው በኖርድቬስትሽታትም፣ በየሰፈራችንም ከቺያው ዝቅ ብሎ ተቀምጧል፤ ጎንበስ ብሎ ማንሣት ነው።